«5,000 ዓመት» ማለት ለምን አያስፈልገንም፦ ስለ አፍሪካ የፍልሚያ ጥበቦች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለዓመታት ቴኳንዶ ስሠራ ቆይቻለሁ። በቅርቡ አንድ የማውቃቸው አሠልጣኝ ‹ከፈርዖኖች ዘመን የመጣ፣ 5,000 ዓመት ያስቆጠረ አፍሪካዊ ማርሻል አርት› ማስተማር ጀምረዋል። የራሱ ልብስና የቀበቶ ደረጃ አለው። እስያውያን ከእኛ ነው የወሰዱት፣ አፍሪካዊ ሆኖ የኮሪያን ጥበብ መሥራት ማንነትን መካድ ነው ይላሉ። ይህ ምን ያህል እውነት ነው? ካፖዌራስ የእኛ ነው ወይስ የብራዚል? ቅርሴን ልማር ብል ከየት ልጀምር?»

ቴኳንዶውን መተው አያስፈልግዎትም። ኮሪያ ውስጥ የተቀመረ ጥበብ ስለሠሩ የካዱት ማንነት የለም። አፍሪካ የራሷ የፍልሚያ ጥበቦች አሏት የሚለው ግን እውነት ነው፤ እንዲያውም አሠልጣኝዎ ከሚሉት በላይ እውነት ነው። እኔ ከእሳቸው የምለየው አንድ ነገር ላይ ነው። ዛሬም በሕይወት ያሉ፣ ዳኛና ደንብ ያላቸው፣ ታናሽ ከታላቁ እያየ የሚማራቸው ጥበቦች እያሉ ክብራችንን ከመቃብር ግድግዳ ላይ ብቻ ከፈለግን፣ እነዚህን ጥበቦች እስከ ዛሬ ያቆዩልንን ሰዎች ረሳናቸው ማለት ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የግድግዳውን ማስረጃ ግን አላጣጥለውም፤ ድንቅ ነው። ከካይሮ በስተደቡብ፣ ከሚንያ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዓባይ ምሥራቃዊ ዳር ቤኒ ሐሰን የሚባል ስፍራ አለ። በገደሉ ውስጥ የአካባቢው ገዢዎች መቃብሮች ተፈልፍለዋል። ባኬት 3ኛ በተባለው ገዢ መቃብር ብቻ ከ200 በላይ ጥንድ ታጋዮች ተሥለዋል። የማን እጅ በማን አንገት ላይ እንደሆነ እንዳይምታታ ሠዓሊው አንዱን ተጋጣሚ በጠቆረ፣ ሌላውን በፈካ ቀለም ለይቶታል። አያያዙ፣ የእግር ጠለፋው፣ ከወገብ ማንሳቱ፣ መሬት ላይ መገለባበጡ በተርታ ይታያል። የዛሬ የነፃ ትግል አሠልጣኝ ግድግዳው ፊት ቢቆም አብዛኛውን አያያዝ ለይቶ ያውቀዋል። ዕድሜው ወደ 4,000 ዓመት ነው። ሳቃራ ላይ በፕታሕሆቴፕ መቃብር የሚታዩት የሚታገሉ ልጆች ደግሞ ወደ 4,400 ዓመት ይጠጋሉ። ሉክሶር አጠገብ፣ በመዲነት ሐቡ የፈርዖኑ ራምሴስ 3ኛ ቤተ መቅደስ ላይ፣ ግብፃውያን ከኑብያ ሰዎች ጋር ሲታገሉና በበትር ሲገጥሙ ተቀርጿል። እሱም ከ3,100 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሥዕል የማይነግረን ግን ብዙ ነው። መምህሩ ማን ነበር? ነጥብ እንዴት ይቆጠር ነበር? ሽንፈት ምን ያስከትል ነበር? ከራምሴስ 3ኛ እስከ ዛሬ ባሉት ሦስት ሺህ ዓመታት ያንን ትግል ከመምህር ወደ ተማሪ እያሻገረ የመጣ፣ ተከትለን ልናየው የምንችል ያልተቋረጠ ሰንሰለት የለም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «ይህ የፈርዖኖች ፍልሚያ ነው» ብሎ ሲያስተምር የሚያደርገው ሥዕሉን አይቶ እንቅስቃሴውን በራሱ ግምት መልሶ መሥራት ነው። በዚህ ነውር የለበትም። የአውሮፓን የመካከለኛው ዘመን ሰይፍ የሚለማመዱ ሰዎችም ከጥንት የብራና መጻሕፍት እያነበቡ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን የተቋረጠ ነገር መልሰው እየሠሩ መሆናቸውን አይደብቁም። አሠልጣኝዎም ይህንኑ ቢናገሩ ሥራቸው ላይ የምነቅፈው አይኖረኝም ነበር።

«እስያውያን ከእኛ ወሰዱ» ለሚለው ማስረጃ የለም። ሰው ባለበት ሁሉ ትግል አለ። በዛሬዋ ኢራቅ ኻፋጄ በተባለ ስፍራ የተገኘው፣ ከመዳብ የተሠራ የሁለት ታጋዮች ቅርጽ ከቤኒ ሐሰን ሥዕሎች በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል። እኛ ከነሱ ወሰድን ማለት ነው? አይደለም። ሁለት ጎረምሶች በወገብ ለመያያዝ ከሩቅ አገር አስተማሪ አያስፈልጋቸውም።

አሠልጣኝዎ ያላስተዋሉት የሚመስለኝ ሌላ ነገር አለ። የሥልጠና ልብሱና የቀበቶው ደረጃ ራሱ ጃፓናዊ ነው፤ ያውም ጥንታዊ አይደለም። ጂጎሮ ካኖ ቶኪዮ ላይ ጁዶን የመሠረተው በ1882 ነው። ጥቁር ቀበቶ ከዚያ ወዲህ መጣ፤ ባለብዙ ቀለሙ ቀበቶ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ተስፋፋ። ካራቴ ከኦኪናዋ ወደ ዋናው ጃፓን በሰፊው የገባው በ1920ዎቹ ነው። ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣው በ1955 ሲሆን፣ ቀመሩን ካበጁት ሰዎች ብዙዎቹ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ዘመን ካራቴ የተማሩ ኮሪያውያን ነበሩ። «የ2,000 ዓመት ንጹሕ የኮሪያ ጥበብ» የሚለው ትረካ ገንኖ የወጣው ከነፃነት በኋላ ነው። በባዕድ አገዛዝ የተዋረደ ሕዝብ ለራሱ ረጅም የዘር ሐረግ ሲቆጥር ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ አልፈርድበትምም። የእኛ ሁኔታ ግን ይለያል። እኛ የምንቆጥረው ያልተቋረጠ ነገር በእጃችን አለ።

ከጥንቱ ጋር ሊያያዝ የሚችል ሕያው ነገር ፈጽሞ የለም ወይ ቢሉኝ፣ ሁለት ቦታ አሳይዎታለሁ። አንደኛው የላይኛው ግብፅ ታሕቲብ ነው። በሠርግና በቅዱሳን መታሰቢያ በዓላት፣ በከበሮና በመዝማር (በትንፋሽ በሚነፋ መሣሪያ) ዜማ፣ ሁለት ሰዎች ረጅም በትር ይዘው ይገጥማሉ። ዛሬ ጨዋታው ለመጉዳት አይደለም፤ ብልጫውን የሚያሳየው የተጋጣሚን ራስ መንካት ወይም ራሱ ለመነካት መጋለጡን ማሳየት ነው። ዩኔስኮ በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በጥንት ሥዕልና በዛሬ ልምድ መካከል ርቀቱ ትልቅ ቢሆንም ቢያንስ ሸለቆው አንድ ነው።

ሁለተኛው የኑባ ትግል ነው። ይህን ጉዳይ ከሌላው ረዘም አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «የመዲነት ሐቡ ታጋዮች ልጆች እነሆ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል። የኑባ ተራሮች ያሉት በሱዳን ደቡብ ኮርዶፋን ነው፣ ከጥንቷ ኑብያ የዓባይ ዳርቻ በጣም ርቀው። በተራሮቹ ውስጥ የሚነገሩት ቋንቋዎች በርካታ ናቸው፤ ከፊሎቹ ከዓባይ ኑብያ ቋንቋ ጋር ዝምድና አላቸው፣ ሌሎቹ ግን ጭራሽ ከሌላ የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ «ኑባ» የሚለው አንድ ስም የብዙ ሕዝቦች መጠሪያ ሆኗል። ትግላቸው ቆሞ የሚደረግ ነው፤ ተጋጣሚን መሬት ያስነካ ያሸንፋል። ከመከር በኋላ መንደር ከመንደር ይጋጠማል፣ ሰውነትን አመድ መቀባት የተለመደ ነበር።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጀርመናዊቷ ሌኒ ሪፈንሽታል፣ የናዚ ዘመን የፕሮፓጋንዳ ፊልሞች ሠሪዋ፣ ወደ ተራሮቹ መጥታ ታጋዮቹን ፎቶ አነሳች። ፎቶዎቿ በዓለም ዞሩ፤ እነዚያን ታጋዮች ዘመን ያልነካቸው ውብ አካላት አድርገው አቀረቧቸው፤ ስለ ሕይወታቸው ግን የተናገሩት ጥቂት ነው። ከዚያ ጦርነት መጣ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የኑባ ሰዎች ወደ ካርቱም ተሰደዱ። በከተማዋ ዳርቻ በሐጅ ዩሱፍ ሠፈር ትግሉን በየሳምንቱ በትኬት የሚታይ ውድድር አደረጉት፤ ከሌላ የሱዳን ክፍል የመጡ ተመልካቾችም ተቀላቀሉ። ከ2023 ወዲህ ያለው ጦርነት ደግሞ ያንንም በተነው። እኔ የኑባን ትግል ታላቅ የምለው በዚህ ታሪክ ነው። ተሰዶ ከተማ ገብቶ አዲስ ተመልካች አፍርቷል፤ ክብሩ ራምሴስ አይቶት እንደሆነ ባለመረጋገጡ አይቀንስም።

ከዚህ ወዲያ ያሉት ጥበቦች ለመኖራቸው የግብፅን ግድግዳ አይጠብቁም።

በሰሜን ናይጄሪያና በኒጀር የሐውሳ ሕዝብ ዳምቤ የሚባል የቡጢ ፍልሚያ አለው። ጠንካራው እጅ በጨርቅና በገመድ ተጠቅልሎ እንደ ጦር ይመታል፤ ሌላው እጅ ተዘርግቶ እንደ ጋሻ ይከላከላል፤ እግርም ይፈቀዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዙር ነው፤ የአንዱ ተጋጣሚ እጅ፣ ጉልበት ወይም ሰውነት መሬት ሲነካ ዙሩ ያበቃል። ይህ ጥበብ የማን እንደነበር በደንብ ይታወቃል፦ የሥጋ ነጋዴዎች ነበር። በሐውሳ ማኅበረሰብ አራጅነት የሚወረስ ሙያ ስለነበር፣ ወጣቶቻቸው ከመከር በኋላ ከመንደር መንደር እየዞሩ ይገጥሙ ነበር። ዛሬ ማንም ይገባበታል፣ ግጥሚያዎቹም በዩቲዩብ በዓለም ይታያሉ። እንግዲህ ዳምቤ «የአፍሪካ ቅርስ» ነው ስንል የአንድ ሙያ ማኅበርን፣ ያውም ብዙ ጊዜ በዝቅታ የታየን ማኅበር ሥራ፣ ስሙን ሳንጠራ ወደ አህጉር እያስተላለፍን መሆኑ ሊሰማን ይገባል። «አፍሪካ» በጣም ሰፊ ባለቤት ናት። የሁሉም ነው ሲባል ለሠራው ሰው ምንም ሳይተርፈው ይቀራል።

ላምብ የሚባለው የሴኔጋል ትግል ለጥያቄዎ ከሁሉም በላይ የሚያስተምር ይመስለኛል። በሴሬርና በጆላ መንደሮች ትግል ከመከር በኋላ የሚደረግ የማታ ጨዋታ ነበር፣ ዛሬም ነው። ሽልማቱ በሬ ወይም እህል ነው፤ ታጋዩ በከበሮ ታጅቦ ራሱን በግጥም ያወድሳል። ያኛው ንጹሕ ትግል ነው፣ መምታት የለበትም። ዛሬ ስታዲየም የሚሞላው ግን ቡጢ የተፈቀደበት ዓይነት ነው። ለእሱ መስፋፋት በ1920ዎቹ ዳካር ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ የሲኒማ ቤት ባለቤት በትኬት ያዘጋጃቸው ግጥሚያዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በ1990ዎቹ የገነነው ሞሐመድ ንዳዎ ራሱን «ታይሰን» ብሎ ሰይሞ የአሜሪካን ሰንደቅ ለብሶ ወደ ሜዳ ይገባ ነበር። 15 ዓመት ገደማ ሳይሸነፍ ቆይቶ በሚያዝያ 2012 በባላ ጋዬ 2ኛ የተረታው ያኽያ ዲዮፕ «የኪኒ» የሚለውን ስም የወሰደው ከናይጄሪያው እግር ኳስ ተጫዋች ከራሺዲ የኪኒ ነው። በ2018 ፒኪን ላይ የተከፈተው 20,000 ሰው የሚይዝ ብሔራዊ የትግል ሜዳ በቻይና ገንዘብ ተሠራ። ለታላላቅ ግጥሚያዎች ከ100 ሚሊዮን የሴኤፍኤ ፍራንክ በላይ ተከፍሏል። ይህ ሁሉ ባዕድ ነገር ገብቶበት እንኳ አንድ ሴኔጋላዊ «ላምብ የእኔ ነው» ሲል የሚጠራጠረው አይኖርም። ምክንያቱም ታጋዩ ወደ ሜዳ ሲገባ ክታቡን አስሮ፣ የተደገመበትን ውሃ ራሱ ላይ እያፈሰሰ፣ ከበሮው እየመታለት ነው፤ ተመልካቹም እያንዳንዱ ድርጊት ምን እንደሚል ያውቃል።

ከዚያው አገር ሌላ የማይዘነጋ ነገር አለ። በካሳማንስ የጆላ ሴቶችም ይታገላሉ። ከነሱ መካከል ኢዛቤል ሳምቡ በመንደር ትግል ጀምራ የአፍሪካ ሻምፒዮና ለብዙ ጊዜ አሸነፈች፣ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክም አምስተኛ ወጣች። «አፍሪካዊ ፍልሚያ የወንድ ጦረኛ ነው» የሚሉ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ይህቺን ሴት የት ሊያስቀምጧት ነው?

ቅርስ የሚለው ቃል ሁልጊዜ ንጹሕ እጅ ላይ እንደማይወድቅም ማወቅ አለብዎት። በቶጎ የካብዬ ሕዝብ ወጣቶች በየሐምሌው ኤቫላ የሚባል ትግል ያደርጋሉ፤ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም መድረሱን የሚያስመሰክርበት ሥርዓት ነው። ከ1967 እስከ 2005 አገሪቱን የገዛው ኤያዴማ ካብዬ ስለነበር፣ የአንድ ሕዝብ ሥርዓት በቴሌቪዥን የሚተላለፍ፣ ሚኒስትሮች የሚሰለፉበት የመንግሥት በዓል ሆነ። ትግሉ ያው ነው፤ ከጎኑ የቆመው ሥልጣን ግን ትርጉሙን ለሌሎቹ ቶጓውያን ለውጦታል።

የደቡብ አፍሪካው ይከፋል። ዙሉዎች አንድ የማጥቂያ በትር፣ አንድ ረዘም ያለ የመከላከያ በትርና ትንሽ ጋሻ ይዘው ይገጥማሉ፤ በተለይ በሠርግ ላይ። የወደቀ አይመታም፣ የወጣቶች አለቃ ይዳኛል። ኔልሰን ማንዴላም በልጅነቱ በቁኑ መንደር የበትር ፍልሚያ መማሩን ተርኳል፤ በኮሳዎች ዘንድም የእረኛ ልጅ ትምህርት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን በናታልና በጆሃንስበርግ ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ባለቁበት የፖለቲካ ግጭት «ባህላዊ መሣሪያ መያዝ መብታችን ነው» የሚል ክርክር ተነሳ። በመንደር ሜዳ ዳኛ ይቆጣጠረው የነበረው በትር፣ ዳኛ በሌለበት የከተማ ጎዳና ላይ ከጦር ጋር ተሰልፎ ወጣ። በትሩ የነበረው ነው፤ ደንቡና ዳኛው ሲቀሩ ግን ጥበቡ የለም። ስለዚህ አንድ ፍልሚያ ቅርስ ነው ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚያቆመው ማን እንደሆነ ነው።

ክብ ተሠርቶ በዘፈንና በጭብጨባ ወደሚደረገው የእርግጫ ፍልሚያ፣ ወደ ካፖዌራ፣ ልለፍ። የብራዚል ነው፤ ሥሩ ደግሞ አፍሪካዊ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሪዮ ዲ ጃኔሮ ፖሊስ በካፖዌራ ከሚይዛቸው ባሪያዎች አብዛኞቹ አፍሪካ የተወለዱ ነበሩ፤ በተለይ ከመካከለኛው አፍሪካ የመጡ፣ ግን ከአንድ ሕዝብ ብቻ ያልሆኑ። በመርከብ ሆድ ውስጥና በከተማ ጎዳና ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች እውቀታቸውን አዋሐዱ። ብራዚል በ1890ው የወንጀል ሕጓ ከለከለችው። መምህር ቢምባ በ1932 ሳልቫዶር ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1937 በይፋ ተፈቀደለት። አንጋፋው መምህር ፓስቲንያ ደግሞ የአንጎላን ዝምድና አጥብቆ ያዘ፤ በ1966 በዳካር በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የጥቁር ጥበባት ፌስቲቫል ላይም ካፖዌራን ይዞ ወደ አፍሪካ መጣ። ዩኔስኮ በ2014 የካፖዌራን ክብ በብራዚል ስም መዘገበ።

«አባቱ እንጎሎ ነው» የሚለውን ብዙ ጊዜ ይሰማሉ። እንጎሎ በደቡብ አንጎላ፣ በኩኔኔ አካባቢ ባሉ ከብት አርቢዎች ዘንድ ያለ የእርግጫ ጨዋታ ነው። ዝምድናውን ያስወራው አልባኖ ኔቬስ ኢ ሶዛ የተባለ አንጎላ ይኖር የነበረ ሠዓሊ ነው፤ በ1960ዎቹ ሥዕሎቹን ይዞ ብራዚል ሄዶ «ካፖዌራችሁ ይኸው» አላቸው። በ2010ዎቹ የታሪክ ተመራማሪው ማቲያስ ሮሪግ አሱንሳዎና የካፖዌራው መምህር ኮብራ ማንሳ ወደዚያው ሄደው በወጣትነታቸው እንጎሎ የተማሩ ሽማግሌዎችን አግኝተው ቀረጹ። እጅን መሬት አስደግፎ የሚሰነዘረው እርግጫ፣ ክብ ሠርቶ መቆሙ፣ ጭብጨባውና ዘፈኑ ሲታዩ መመሳሰሉ ያስደንቃል። የካፖዌራ ነፍስ የሆነው ባለ አንድ ጅማት ደጋን፣ ቤሪምባው፣ ግን እንጎሎ ውስጥ የለም፤ ደጋኑ ከሌላ የመካከለኛው አፍሪካ የሙዚቃ ልማድ ነው የመጣው። ስለዚህ እንጎሎን ከካፖዌራ ዘመዶች አንዱ ማለት ያስኬዳል፤ ብቸኛ አባቱ ማድረግ ግን በባርነት ውስጥ አዲስ ነገር የፈጠሩትን ሰዎች ድካም መንጠቅ ነው። እነሱ የአፍሪካን እቃ ጠባቂዎች ብቻ አልነበሩም። ለእኔ የሚያስቆጨው ሌላ ነው፦ በሳልቫዶር፣ በፓሪስና በኒውዮርክ ስለ እንጎሎ በክብር ሲወራ፣ ኩኔኔ ላይ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ተተኪያቸውም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አሠልጣኝዎ ልመለስ፤ ሥራቸውን አላቃልልም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ እንቅስቃሴ ውስጥ የነበሩ መምህራንም ካራቴና ሌሎች የእስያ ጥበቦችን ተምረው፣ የስዋሂሊ ስም ሰጥተው፣ አፍሪካዊ ብለው ያነጹዋቸው ሥርዓቶች አሉ። አብዛኞቹ ቅድመ አያቶቻቸው የተወሰዱት ስዋሂሊ ከማይነገርበት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነበር። ታሪካቸው ተቆርጦ የተነጠቀባቸው ሰዎች አዲስ ሠርተው ልጆቻቸውን አቀኑበት፤ ያ ደግሞ ዛሬ 50 ዓመት የሞላው የራሱ እውነተኛ ታሪክ አለው። የ2003ቱ የዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ስምምነትም ዕድሜን መስፈርት አያደርግም። የሚጠይቀው ማኅበረሰቡ የእኔ ብሎ መቀበሉን፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፉንና በየጊዜው እየታደሰ መኖሩን ነው። አሠልጣኝዎ «ይህን ሥርዓት እኔ አቀናጀሁት፤ ይህ እርግጫ ከቴኳንዶ ነው፣ ይህ አያያዝ ከቤኒ ሐሰን ሥዕል በግምት ነው» ቢሉ በኩራት የሚያስተምሩት ነገር ይኖራቸዋል። ይህን በአክብሮት ይጠይቋቸው፦ ማን አስተማረዎት? እሱንስ ማን? የት አገር፣ የትኛው መንደር? መልሱ ሁለት ትውልድ ሳይሻገር «ጥንታዊ ጥበብ» ወደሚል ጭጋግ ከገባ፣ ሥልጠናው ቢጠቅምዎትም ታሪኩን አይቀበሉ።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከእኛው አገር ሁለት ነገር ላንሳ። አንደኛው ጉግስ ነው። ብዙ ሰው በጥምቀትና በገና የሚታይ የፈረስ ትርኢት አድርጎ ያየዋል፤ ግን ሙሉ የጦር ትምህርት ነው። ሯጩ በፈረስ ላይ ሆኖ ከኋላው የሚወረወርበትን በትር በጋሻው ይመክታል፤ አሳዳጁ በግልቢያ ላይ ይወረውራል፤ ፈረሱም ከሰው ጋር ይሠለጥናል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በእኛ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት በዓድዋ የተሳተፉ ፈረሰኞችንና ፈረሶችን ለመዘከር ነበር፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይሰበሰባል። መሥራቹ፣ ዓመቱ፣ ቦታው፣ አባላቱ የሚታወቅ ነው። የትውልድ ሰንሰለት የምለው ይህን ነው። እዚያ ሄዶ ከአንድ አዛውንት ፈረሰኛ አጠገብ መቀመጥ ይቻላል።

ሁለተኛው በምዕራብ ኦሞ የሱሪ፣ በደቡብ ኦሞ ደግሞ የሙርሲ ሕዝብ የዱላ ፍልሚያ ነው፤ በውጭ ሰው ዘንድ ዶንጋ በሚል ስም የታወቀው። ዱላው ከሁለት ሜትር የማያንስ ነው። በሙርሲ ዘንድ ተጋጣሚው ከሌላ አካባቢ የመጣና ዘመድ ያልሆነ ሰው ነው። ዳኞች አሉ፣ የወደቀን መምታት ክልክል ነው፣ ሰው ቢሞት ቤተሰብ ለቤተሰብ ካሳ ይከፍላል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የፈሰሰው አውቶማቲክ ጠመንጃ ወደ ሜዳው ዳር ሲደርስ የቆየው ሚዛን ተናጋ፤ ባለሥልጣናትም ፍልሚያውን ለማስቆም ደጋግመው ሞክረዋል። በሌላ ወገን ቱሪስት ገንዘብ እየከፈለ ያለወቅቱ ሊያሠራው ይፈልጋል። አንዱ «ጎጂ ልማድ» ይለዋል፣ ሌላው «የመጨረሻዎቹ ጦረኞች» እያለ ፎቶ ያነሳዋል፤ ሁለቱም ባለቤቶቹን አይጠይቁም። ወጣቶቹ ጉልበታቸውን የሚያሳዩበት፣ ከጎረቤት ጋር ያለ ውጥረት የሚበርድበት፣ ለጋብቻ የሚታዩበት ሜዳ ከተዘጋ በምን እንደሚተካ መመለስ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

እርስዎ ሱሪ ካልሆኑ የሱሪን ዱላ ይዘው «ቅርሴ» ብለው ማስተማር አይችሉም ብዬ አምናለሁ፤ ኢትዮጵያዊ መሆን ብቻውን ያንን ፈቃድ አይሰጥም። ማክበር፣ ማወቅ፣ ሲፈቀድልዎት በወቅቱ ሄዶ ማየት ግን ይችላሉ፤ ለካሜራ ተብሎ ያለወቅቱ ለሚደረግ ፍልሚያ ግን አይክፈሉ። የራስዎን ቅርስ ለማግኘት ደግሞ በራስዎ ቤተሰብ አካባቢ ይጀምሩ። አያቶችዎ ያደጉበት ቀበሌ ይሂዱና ትልልቆቹን ይጠይቁ፦ በልጅነታቸው እረኞች እንዴት ይታገሉ ነበር? ከወገብ ነው ከአንገት? ጠለፋ ይፈቀድ ነበር? ስንት ጊዜ የጣለ ነው አሸናፊ? ማን ይዳኝ ነበር? በዱላ ሲገጥሙ የት መምታት ነውር ነበር? ፍልሚያው ከመጀመሩ በፊት ምን ተብሎ ይፎከር ነበር? ሴቶቹስ? የሚችሉ ከሆኑ አያያዙን በእጅዎ ላይ ያሳዩዎት፣ በስልክዎ ይቅረጹት፣ የተናጋሪውን ስምና መንደር በፈቃዳቸው ይጻፉ። የዓመታት የቴኳንዶ ልምድ ያለው ሰው ስለሆኑ የእግር አቋምና የክብደት ሽግግር ያያሉ፤ ይህን የማያውቅ ጠያቂ ብዙ ያመልጠዋል። ጥንድ ሆነው የሚለማመዱት ሰው ይፈልጉና የተነገረዎትን ቀስ እያሉ ይሞክሩት፤ ካልገባዎት ተመልሰው አዛውንቱን ይጠይቁ፤ ያንን ለማድረግ ደግሞ ጊዜው ብዙ የለም።